ከለገጣፎ ተነስተን አንኮበርን ለማየት፦ ለሃያ አራት ሰው የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ጉዞ እንዴት እናዘጋጅ?

የዕቁቡ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በለገጣፎ፣ በካራና በአያት የምንኖር የአንድ ዕቁብ አባላት ነን። ዕቁባችን ሊያልቅ ጥቂት ዕጣ ብቻ ስለቀረው፣ ከመለያየታችን በፊት ቤተሰቦቻችንን ይዘን አንድ ሌሊት የምናድርበት ጉዞ ለማድረግ ተስማምተናል። የተመዘገበው ሰው ሃያ አራት ሲሆን፣ ትንንሽ ልጆችና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት ይገኙበታል። አብዛኞቻችን መምህራን፣ ነርሶችና በትንንሽ ሱቅ የምንተዳደር ሰዎች ስለሆንን ጉዞው የወር አስቤዛችንን የሚነካ እንዲሆን አንፈልግም።

በስብሰባችን ላይ ሦስት ሐሳቦች ቀርበዋል። አንዱ ወንጪ ሄዶ ማደር ነው፤ ሌላው በደብረ ብርሃን በኩል አንኮበር መውጣት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ማደሩን ትቶ ሱባ ደን ደርሶ መመለስ ነው። እኔ በግሌ ወደ አንኮበር አደላለሁ። ከተማዋን ከታሪክ ትምህርት ሰዓት ጀምሮ በስም እናውቃታለን እንጂ አብዛኞቻችን በዓይናችን አላየናትም። ስለዚህ መንገዱን የምታውቁ ሰዎች በሦስት ነገር ላይ ብትመክሩን ደስ ይለናል፦ መኪና ተከራይተን እንሂድ ወይስ በሕዝብ አውቶቡስ፣ ማደሪያችን የት ይሁን፣ ገንዘቡንስ ቅያሜ ሳይፈጠር እንዴት እንሰብስብ።

ከሰበታ

እኔ ለወንጪ ልሟገት። ሐይቁ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ነው፤ በውስጡ ደሴት አለ፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ፣ ከጠርዙ ወደ ውኃው የሚወርደው ሰውም በአካባቢው ሰዎች ፈረስ ተሳፍሮ መውረድ ስለሚችል ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው የቱሪዝም መንደሮች አንዷ መሆኗንም አትርሱ። ከእኛ ሰፈር ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፎ መድረስ ቀላል ነው።

ነገር ግን እናንተ ያላችሁት በከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ከለገጣፎ ተነስታችሁ አዲስ አበባን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስታቋርጡ የቅዳሜ ጠዋት መጨናነቅ የሚበላባችሁን ሰዓት አስቡት። ስለ ሱባም ቢሆን ይኸው ነው። ስለዚህ ወንጪን ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ እኛም ስትመጡ እንቀበላችኋለን።

ሹፌር ከካራ

ጸሐፊው በጠየቁት ላይ ስለ መኪናው ብቻ ልናገር። ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ተሽከርካሪ አይጠፋም፤ ለሦስትና ለአራት ሰው ከዚህ የሚረክስ መንገድ የለም። ለሃያ አራት ሰው ግን አይሆንም። አንድ ላይ መሳፈራችሁን ማንም አያረጋግጥላችሁም፤ ደብረ ብርሃን ከደረሳችሁ በኋላም አንኮበር ለመውጣትና ለመመለስ ሌላ መኪና መፈለጋችሁ አይቀርም። አንድ ኮስተር ተከራዩ። እናንተ የደሴ መንገድ በራችሁ ላይ ያለ ሰዎች ስለሆናችሁ መኪናው ከተማ ውስጥ ሳይዞር፣ ነዳጅም ጊዜም ሳያባክን፣ ከለገጣፎ በቀጥታ በሰንዳፋ፣ በአሌልቱ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ ያደርሳችኋል።

ስትዋዋሉ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት ጠይቁ። ነዳጁ የማን ነው? የሹፌሩ አበልና የሌሊት ማደሪያው የማን ነው? ከደብረ ብርሃን አንኮበር ያለው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ መሄዱም መመለሱም በውሉ ውስጥ ተጽፏል ወይስ «ደብረ ብርሃን ድረስ» ብቻ ነው የሚለው? ብዙ ጠብ የሚነሣው በዚች የመጨረሻዋ ነጥብ ነው። ሹፌሩ ደብረ ብርሃን ከደረሰ በኋላ ጭማሪ ሲጠይቅ እናንተ ልጅና ሽማግሌ ይዛችሁ መንገድ ላይ ስለሆናችሁ የመደራደር አቅም አይኖራችሁም። የሦስተኛ ወገን መድኑንና ከከተማ ውጭ ሰው ለመጫን የተሰጠውን ፈቃድ በዓይናችሁ እዩ፤ የጎማውን ጥርስም ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ።

አንኮበር የተቀመጠችው ደጋው አብቅቶ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላው ተነሥቶ ሲመጣ ከፊት ያለው መኪና መብራት ብቻ የሚታይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በጠዋት ውጡ፤ ሳይመሽም ደብረ ብርሃን ግቡ። ከመነሣታችሁ በፊት በዋዜማው ደብረ ብርሃን ለሚኖር ለምታውቁት ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ በየትኛውም አቅጣጫ ስሠራ የማደርገው ነው። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ጉዞውን በሳምንት ማዛወር ይሻላል፤ ከመኪናው ባለቤት ጋር ስትዋዋሉም ይህን የማዛወር መብት አስጽፉ።

ሒሳብ ያዥ

ስለ ገንዘቡ ልጨምር። ሰው ሁሉ ስለ አልጋ ዋጋ ይከራከራል፤ የእንዲህ ዓይነት ጉዞ ዋጋ ግን የሚወሰነው በአልጋ ሳይሆን በመኪናው ወንበር ነው። አልጋም ምግብም የሚከፈለው በሰው ቁጥር ስለሆነ የቀረ ሰው ብዙ አይጎዳም። የመኪናው ኪራይ ግን አንድ ጊዜ የተቆረጠ ነው። ለስሌት እንዲመች የሁለት ቀኑ ኪራይ ከነነዳጁ 36,000 ብር ነው እንበል፤ ይህ የገበያ ዋጋ ሳይሆን ምሳሌ ብቻ ነው። ሃያ አራታችሁ ከሄዳችሁ በሰው 1,500 ብር ይደርሳል። ስድስት ሰው በመጨረሻው ሳምንት ቢቀር የእያንዳንዱ ድርሻ 2,000 ብር ይሆናል። የአልጋ ዋጋ ተከራክሮ በሰው መቶ ብር ያስቀነሰ ኮሚቴ፣ ስድስት ሰው ስለቀረበት ብቻ አምስት እጥፉን ያጣል ማለት ነው።

ስለዚህ የመኪናውን ድርሻ ከሌላው ወጪ ለይታችሁ አስቀድማችሁ ሰብስቡ፤ የማይመለስ መሆኑንም በግልጽ ተናገሩ። መቅረት የፈለገ ሰው በምትኩ ሌላ ሰው ያምጣ። እናንተ ዕቁብተኞች ስለሆናችሁ ይህ አይከብዳችሁም፤ ዳኛና ጸሐፊ አላችሁ፣ ዋስ መጥራትም ታውቃላችሁ። የአልጋውንና የምግቡን ገንዘብ ግን ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው ብትሰበስቡ ይበቃል።

የዕቁቡ ጸሐፊ

ሹፌሩንም ሒሳብ ያዡንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። በአባሎቻችን መካከል ለቅሶ የደረሰበት ሰው ቢኖርስ? እንዲህ ያለውን ሰው ገንዘብህ አይመለስም ማለት በሰፈር የሚያስወቅስ ይመስለኛል።

ሒሳብ ያዥ

ልክ ነዎት። ለዚህ መፍትሔው በእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ላይ አሥር ከመቶ መጠባበቂያ መጨመር ነው። ለቅሶ ወይም ሕመም ላጋጠመው ሰው ከዚያ ይመለስለታል፤ ማንም ካልቀረ ደግሞ ለመልስ ጉዞው ምሳ ይውላል። ምክንያቱ ግን ከእነዚህ ሁለቱ አይለፍ፤ «ሥራ በዛብኝ» የሚለው ከተፈቀደ ሁሉም ሰው ሥራ ይበዛበታል።

የደብረ ብርሃን ልጅ

ማደሪያው ደብረ ብርሃን ቢሆን ይሻላል እላለሁ፤ ይህን የምለውም ከተማዬ ስለሆነች አይደለም። አንኮበር ላይ በቀድሞው የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ቦታ የተሠራው ሎጅ እጅግ ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ ክፍሎቹ ለእናንተ ቁጥርም ሆነ ላሰባችሁት ወጪ የሚመቹ አይደሉም። ከዚያ ውጭ ያሉት ማደሪያዎች ለጥቂት መንገደኛ እንጂ ለሃያ አራት ሰው የተዘጋጁ አይደሉም። ደብረ ብርሃን ግን ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካዎች ያሉባት፣ የደሴ መንገደኛም የሚያርፍባት ከተማ ስለሆነች በየደረጃው አልጋ ታገኛላችሁ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ክፍል ብትጋሩ ደግሞ ወጪው ይበልጥ ይቀንሳል።

ቀን ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሠርግ ስለሚበዛ ኮስተሩም አዳራሹም አልጋውም ይወደዳል። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን የሚያስመርቅበት ሰሞንም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ የወሩ 21ኛ ቀን ነው፤ ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄዱ ምእመናን በእኛ በኩል ስለሚያልፉ በዚያ ሰሞን መኪና አከራዮችም የሚሰጡት መልስ ይለያል።

ስለ ብርዱ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። አልጋ ስትይዙ «ሙቅ ውኃ አለ ወይ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «በአንድ አልጋ ስንት ብርድ ልብስ አለ» ብላችሁም ጠይቁ። ጋቢ ያልያዘ ሰው አይሳፈር። የመንዝ በርኖስና ባና ገበያ ላይ ስታዩ መግዛት ያምራችኋልና ለዚያም ጥቂት ብር መያዝ ነው።

አዳሪ መንገደኛ

በዚህ አልስማማም። አንኮበር ሄዶ እዚያ ሳያድሩ መመለስ ሠርግ ቤት ደርሶ ሳይበሉ እንደመመለስ ነው። ፀሐይ ከአፋር በኩል ስትወጣ፣ ሸለቆው በጉም ተሞልቶ የኮረብቶቹ ጫፍ ብቻ ሲታይ ማየት የሚቻለው እዚያ ላደረ ሰው ነው። ወጪው ከበዛ ቁጥራችሁን ቀንሱ እንጂ ዋናውን ነገር አትዝለሉ።

የደብረ ብርሃን ልጅ

ወንድሜ፣ የንጋቱን ነገር እውነት ነው ያሉት፤ አልክድም። ነገር ግን ጸሐፊው ያቀረቡት ጥያቄ ሃያ አራት ሰው ይዞ ስለመሄድ ነው። ቁጥሩ ቢቀነስ ቀድመው የሚቀሩት ደመወዛቸው አነስተኛ የሆኑት ናቸው፤ ያኔ ጉዞው የዕቁቡ መሆኑ ይቀራል። ከ11 ሰዓት ሌሊት ጀምሮ መንቃት የሚችሉ ጥቂት ሰዎች ካሉ እሑድ ማለዳ ከከተማው ወጣ ብለው ፀሐይዋን ይጠብቁ።

የታሪክ መምህር

ጉዞው የሚያልፍባቸውን ቦታዎች ሳታዩ እንዳታልፉ ጥቂት ልበል። ጫጫ አካባቢ ስትደርሱ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ አንጎለላ አለ፤ ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ሲሆኑ ዘመኑም 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስሟ የመጣው በሰማይ ላይ ከታየው ብርሃን ነው ይባላል፤ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም በዚያው መታሰቢያነት ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1456 የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ታይቶ ስለነበር ብርሃኑ እርሱ ይሆን የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ በእሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ለመወያያ የሚሆን ጥሩ ርእስ ነው።

አንኮበርን የሸዋ ነገሥታት የመረጧት ለውበቷ ብቻ አልነበረም። ገደሉ ራሱ ምሽግ ነው፤ ከሥሯ ያለችው የአልዩ አምባ ገበያ ደግሞ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ነጋዴ የሚደርስባት ስለነበረች፣ ቤተ መንግሥቱ ከላይ ሆኖ የጨውንና የሌላውን ሸቀጥ በር ይቆጣጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የደረሰው በዚሁ መንገድ ከታጁራ ተነሥቶ ነው። ምኒልክና ጣይቱ የተጋቡትም በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ነው። ከዚያ በኋላ መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር አንኮበር ትንሽ ከተማ ሆና ቀረች። ስለዚህ ትልቅ ከተማ ጠብቃችሁ እንዳትሄዱ፤ ቤተ መንግሥቱም አሁን የለም፤ የሚታየው ቦታውና በቦታው የተሠራው ሎጅ ነው።

ወደ ኮረብታው አናት የሚወጣው በእግር ስለሆነ እኒያ እናት ከታች ሆነው ሸለቆውን ቢያዩ ይሻላቸዋል፤ ከታች የሚታየውም የሚናቅ አይደለም። ልጆቹን በእጅ ይዛችሁ ሂዱ። ወፍ የሚወድ ሰው ካላችሁ በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በሳይንስ የተመዘገበች፣ ቡናማ የሆነች ትንሽ ወፍ በእነዚህ ገደሎች ላይ ትኖራለች። ከከተማዋ አቅራቢያ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ግን ለብቻው አንድ ቀን ይፈልጋል። ሱባን ያነሡት አባል ደስ እንዲላቸው ልጨምር፦ የሱባ ደን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጽድ ዘር ተተከለ የሚል ትውፊት አለ።

እናትዬ

ሁሉም ስለ መኪናና ስለ ታሪክ ሲናገር የምግቡን ነገር አንድም ሰው አላነሣውም። ልጆቼ፣ በሃያ አራት ሰው ጉዞ ገንዘብ የሚፈስሰው በየመንገዱ ቆሞ ቁርስና ምሳ በማዘዝ ነው። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ ከቤት ያዙ፤ ሻይና ቡናውን በፔርሙዝ ሙሉ። ሸኖ ላይ መቆማችሁ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ለጋ ቅቤ ሳይገዛ የሚያልፍ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የምትገዙት ግን በመልስ ጉዞ ይሁን፤ በሄዳችሁበት ገዝታችሁ ሁለት ቀን በመኪና ስታንገላቱት ይቀልጥባችኋል፣ የሰውም ልብስ ይበላሻል።

የእሑዱን ምሳ በግ ገዝታችሁ አርዱ። በደብረ ብርሃን ገበያ በግ ገዝተው ሲመጡ በሥራ ዋጋ ብቻ የሚሠሩ ምግብ ቤቶች አይጠፉም፤ አስቀድማችሁ አነጋግሩ። የመንዝ በግ ትንሽና ጠጉራም ስለሆነ ጠጉሩ ያታልላል። ላቱን አይታችሁ አትግዙ፤ እጃችሁን ጠጉሩ ውስጥ ከትታችሁ ወገቡን ዳስሱ። የአከርካሪው አጥንት ጣታችሁን እየወጋ የሚቆጠር ከሆነ እለፉት፤ በሥጋ ተሸፍኖ ለስላሳ ከሆነ ዋጋ ተነጋገሩ። ከዕቁባችሁ ውስጥ ሙስሊም አባላት ካሉ ደግሞ «በኋላ እናስብበታለን» አትበሉ። ሁለት ትንንሽ በግ ግዙ፤ አንዱን የእነርሱ ሰው ይረደው፣ ድስቱም ቢላውም ይለይ። ሁለት ትንንሽ በግ ከአንድ ሙክት እምብዛም አይበልጥም፤ ማንም ደግሞ ጥግ ይዞ ሽሮ ሲበላ አይታይም።

ጾሙንም አስቡ። ከመስከረም 26 ጀምሮ ጽጌ ነው፤ የፈቃድ ጾም ቢሆንም የሚጾሙት ብዙ ናቸው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። በሁለቱ መካከል፣ ከኅዳር 6 እስከ 14፣ የምትሄዱበት ቅዳሜና እሑድ አለላችሁ።

የዕቁቡ ጸሐፊ

እማማ፣ ይህን ያህል አስበው ስለጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልን። በእርግጥም አራት ሙስሊም አባላት አሉን፤ ሁለት በግ የሚለውን ሐሳብ ለኮሚቴው አቅርቤ ሁሉም ተቀብሎታል። ቀኑም እርስዎ ባሉት መካከል እንዲሆን ተወስኗል፤ ከጻድቃኔ ማርያም ጉዞም ከሠርግ ሰሞንም የራቀ ስለሆነ ይመቸናል። ብርዱን በጋቢ እንችለዋለን። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከለገጣፎ ተነሥተን፣ ደብረ ብርሃን ቁርስ በልተንና ዕቃችንን አራግፈን በቀጥታ አንኮበር እንወጣለን፤ ጉሙ ሳይመጣ ተመልሰን ደብረ ብርሃን እናድራለን። እሑድ ሥላሴን ተሳልመን፣ ምሳ በልተን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ወደ ቤታችን መንገድ እንጀምራለን።

ወጣቱ አባል

ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ከሄድን ጣርማ በር ድረስ ወጥተን የምኒልክ መስኮት የሚባለውን የገደል አፋፍና ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ብናይስ? ከዚያ በጣም ይርቃል እንዴ?

ሹፌር ከካራ

ልጄ፣ ርቀቱ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያው ቀን አንኮበርንም ጣርማ በርንም ማየት ማለት ሁለት የገደል መንገድ በአንድ ሹፌር ጉልበት ማለት ነው፤ ማምሸትም ይከተላል። የእሑዱን ምሳ የምትተዉ ከሆነ ብቻ ይቻላል። ሁለት በግ ከታረደ በኋላ ግን የሚተወው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጸሐፊው፣ ለመነሻ ቦታችሁ ከዋናው መንገድ ዳር ያለውን የለገጣፎ ነዳጅ ማደያ ምረጡ፤ ኮስተር በየሰፈሩ ገብቶ ሰው ከለቀመ ከ12 ሰዓት የተባለው 2 ሰዓት ይሆናል። ውሉን ስትፈርሙም የአንኮበሩ መንገድ በጽሑፍ መኖሩን ሁለታችሁ ሆናችሁ አንብቡት፤ ቀብዱን የምትከፍሉትም ካነበባችሁ በኋላ ይሁን።